ስም የለሽ ጽጌረዳ በጎንደር ግቢ፦ የስልክ መተግበሪያው፣ የመረጃ ቋቱና ችግኝ ሻጩ ሲመዘኑ

ፒያሳ አካባቢ ካለ የጣልያን ጊዜ ቤት ጓሮ ይሁን ወደ አዘዞ ሲወርዱ ካለ ሰፊ ግቢ፣ ጥያቄው ያው ነው፤ «ይቺ ጽጌረዳ ምን ትባላለች?» የቤቱ ባለቤት የሚያውቁት እናታቸው እንደተከሏት ብቻ ነው። ጎንደር ላይ ተቀምጦ ስሟን ለማወቅ የሚሞከሩት በሮች ሦስት ናቸው፦ የስልክ መተግበሪያ፣ የኢንተርኔት የጽጌረዳ መረጃ ቋትና ችግኝ ሻጭ። ፍርዱ ይቅደም። መተግበሪያው «ቀጋ (የዱሯ ጽጌረዳ) ናት ወይስ አይደለችም» ለሚለው ጎበዝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አትመኑት። የመረጃ ቋቱ ሀብታም ነው፣ ግን የሚሰጠው ለጠያቂው እውቀት ያህል ነው። ችግኝ ሻጩ ስም አያውቅም፤ ሁለቱ የማያውቁትን ግን ያውቃል።

መተግበሪያው

ፕላንትኔት የፈረንሳይ የምርምር ተቋማት የሠሩት ነጻ መተግበሪያ ነው፤ ለስልክ የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ፎቶ ታስገባላችሁ፣ ፎቶው የአበባ፣ የቅጠል፣ የፍሬ ወይም የግንድ መሆኑን ትነግሩታላችሁ፣ እሱ ከነመቶኛቸው እጩ ስሞችን ይደረድራል። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፣ ለአንድ ተክል ከአንድ በላይ ፎቶ ይቀበላል፣ ይህም ከብዙዎቹ የተሻለ ያደርገዋል። ጉግል ሌንስ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ የሚመሳሰል ፎቶ ፈልጎ ያመጣል። የሚያመጣው ብዙ ጊዜ የሻጭ ገጽ ነው፤ ሻጭ ደግሞ የሚያስቀምጠው የሚሸጠውን እንጂ መቶ ዓመት የሞላትን የእናንተን ጽጌረዳ አይደለም።

ችግሩ የመተግበሪያው ስንፍና አይደለም፣ የጥያቄው ነው። መተግበሪያው የሚሰጠው የዕፅዋት ሳይንስ የዝርያ ስም ነው። እናንተ የምትፈልጉት አትክልተኛ አዳቅሎ ያወጣውን የዓይነት ስም ነው። አንድ ሰው እህል ይዞ መጥቶ «ይህ ማኛ ነው ሰርገኛ?» ብሎ ሲጠይቅ «ጤፍ ነው» ብሎ እንደመመለስ ነው። መልሱ ልክ ነው፣ ግን ሰውየው ጤፍ መሆኑን ከቤቱ ሲወጣም ያውቅ ነበር። በዚያ ላይ የአትክልት ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ የብዙ ዝርያዎች ቅይጥ ስለሆኑ የዝርያ ስሙ ራሱ በግማሽ ብቻ ነው የሚገጥማቸው። «ሮዛ ቺነንሲስ (የቻይና ጽጌረዳ) 40 በመቶ» ሲል አንዳንዱ «አርባ በመቶ የቻይና ደም አላት» ብሎ ያነባል። አይደለም። መቶኛው መተግበሪያው ምን ያህል እንደተማመነ እንጂ የደም ድርሻ አይናገርም።

ሁለት ማስተካከያ ግን ውጤቱን በግልጽ ያሻሽለዋል። አንደኛ፣ የአካባቢ ምርጫው ላይ የአፍሪካን ዕፅዋት ብቻ ሳይሆን የዓለምን ዕፅዋት ምረጡ፤ የግቢ ጽጌረዳ የዱር ተክል ስላልሆነች ከአፍሪካው ዝርዝር ልትቀር ትችላለች። ቀጋ ናት ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ በሁለቱም ሞክሩና አወዳድሩ። ሁለተኛ፣ አበባውንና ቅጠሉን ለየብቻ አስገቡ። አበባው አንድ ነገር፣ ቅጠሉ በተደጋጋሚ ሌላ ነገር ካለ መተግበሪያውን ከመስደብ በፊት ተንበርክካችሁ የግንዱን ሥር እዩ። እዚያ እንደ ጉልበት ያበጠ ቦታ ካለ ተክሏ ግራፍት የተደረገች ናት፤ ማለትም ከሥር ሌላ ጽጌረዳ፣ ከላይ ሌላ ጽጌረዳ። የታችኛው ጉልበተኛ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ የራሱን ቅርንጫፍ ከእብጠቱ በታች ያወጣና የላይኛውን ቀስ በቀስ ያፍናል። አንዲት ግንድ ላይ ሁለት ዓይነት ቅጠል፣ ሁለት ዓይነት እሾህ የምታዩት ለዚህ ነው። ለሥርነት ከሚታወቁት አንዱ ዶክተር ሁዊ የሚባለው ጥቁር ቀይ፣ መሐሉ ላይ ቢጫ ዘንጎቹ የሚታዩ ዓይነት ነው። ቤተሰቡ «መልኳን ለወጠች» የሚላት ጽጌረዳ መልክ አልለወጠችም፤ ላይኛዋ ሞታ ታችኛው ወርሷታል።

ፎቶው እንዴት ይነሳ

ለመተግበሪያውም፣ ለመረጃ ቋቱም፣ ውጭ አገር ላለ ባለሙያም ብትልኩ የፎቶው ስብስብ አንድ ነው። የሰው ልማድ አበባውን ከላይ አንስቶ መላክ ነው። ያ ፎቶ ለሠርግ ካርድ ይሆናል፤ ለመለያ የሚረባው ጥቂት ነው። የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦ ሙሉ ቁጥቋጦው ከአጠገቡ ሰው ቆሞ (ቁመቱ እንዲታወቅ)፣ እምቡጡ ከጎን፣ ግማሽ የተከፈተ አበባ፣ ሙሉ የተከፈተ አበባ፣ ሊረግፍ የደረሰ አበባ፣ አበባው ከጀርባ፣ አንድ ሙሉ ቅጠል ከፊትና ከኋላ፣ የዘንድሮና የአምና ግንድ ከነእሾሁ፣ ፍሬ ካለ ፍሬው። ከእያንዳንዱ አጠገብ ማስመሪያ ይቀመጥ።

ጊዜው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ይሁን፣ በጥላ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ የቀትር ፀሐይ ቀይ አበባ ላይ ሲያርፍ የስልክ ካሜራ ይጠግብና ጥቁር ቀዩን ሐምራዊ፣ ሐምራዊውን ሮዝ አድርጎ ያወጣዋል። ሽታውንም በዚያው ሰዓት አሽትታችሁ ጻፉ፤ ሲሞቅ ይተንናል። (ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ የምትለጥፉ ከሆነ የቦታ ምልክቱን አጥፉ። የእማማ ግቢ የት እንዳለ ዓለም ማወቅ የለበትም።)

አሁን አበባውን ገልብጡት። እምቡጡን ከድነው የነበሩ አምስት አረንጓዴ ክዳኖች ታያላችሁ። በብዙ የአውሮፓ ጽጌረዳዎች ላይ ሁለቱ ግራና ቀኝ ጠርዛቸው ጺም አለው፣ ሁለቱ ምንም የላቸውም፣ አምስተኛው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው ጺም ያበቀለው። አውሮፓውያን «አምስት ወንድማማቾች፣ ሁለቱ ጺማም፣ ሁለቱ ጺም አልባ፣ አንዱ ግማሹን የተላጨ» የሚል የቆየ እንቆቅልሽ አላቸው፤ መልሱ ይኸው ነው። ምክንያቱ እምቡጡ ላይ ያለው አደራረብ ነው። ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ከውጭ፣ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ከውስጥ፣ አንዱ ግማሹ ከውጭ ግማሹ ከውስጥ ሆኖ ያድጋል፤ ጺሙ የሚበቅለው ወደ ውጭ በወጣው ጠርዝ ላይ ነው። የቻይና ደም በበዛባቸው ላይ ግን ክዳኖቹ ብዙውን ጊዜ ለስላሶችና ጺም አልባ ናቸው። አንድ የስልክ ፎቶ የማያሳየውን ይህን ለማየት የሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽር ይበቃል።

በዚሁ መነጽር ቅጠሉ ከግንዱ የሚጋጠምበትን እዩ። ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ክንፎች አሉ። ጠርዛቸው እንደ ማበጠሪያ የተበጣጠሰ ከሆነ የሮዛ መልቲፍሎራ ዘር አለባት፤ ይህ ደግሞ ለግራፍት ሥርነት በዓለም ላይ ብዙ ያገለገለ ዝርያ ነው። ይህችን ምልክት የሚያውቅ ሰው ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ቀጋን መለየት፦ መተግበሪያው ዋጋውን የሚያወጣበት ቦታ

ቀጋ የኢትዮጵያ የዱር ጽጌረዳ ናት፤ በሳይንስ ሮዛ አቢሲኒካ ትባላለች። ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ባለው ከፍታ ትበቅላለች፣ ጎንደር እንግዲህ መሐሉ ውስጥ ናት። ነጭ ወይም ክሬም፣ አምስት ቅጠል ብቻ ያላቸው አበቦች በዘለላ ታወጣለች፤ ቅጠሏ ብዙ ጊዜ ሰባት ንዑሳን ያሉትና ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው፣ እሾሁ ቆልመም ያለ ነው፣ ፍሬዋ ሲበስል ብርቱካናማ ቀይ ሆኖ ይበላል። አበባዋን በመነጽር ብታዩ መሐል ላይ ያሉት የሴቴ ዘንጎች ተጣብቀው እንደ አንዲት ትንሽ ምሰሶ ቆመዋል። በአብዛኞቹ የአትክልት ጽጌረዳዎች ላይ ዘንጎቹ ለየብቻ ናቸው። የድሮ አጥር ላይ የተንጠለጠለችውን ነጭ ጽጌረዳ «ፈረንጅ ያመጣት ናት» ብሎ የሚከራከር ካለ ክርክሩን በአምስት ደቂቃ የሚፈታው ይህ ምሰሶና መተግበሪያው ተደምረው ነው። ለዚህ ሥራ ከ5 አራት ይገባዋል። አንዱን ነጥብ የሚያጣው የምስል ክምችቱ ወደ አውሮፓ ያደላ ስለሆነ ቀጋን ከቅርብ ዘመዷ ከሮዛ ሞስካታ ጋር ሊያቀያይር ስለሚችል ነው።

አንዲት ሌላ ጽጌረዳ ግን አለች፤ ይቺን ብታገኙ ስልኩን ወደ ኪስ መልሱት። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር ከትግራይ የቤተ ክርስቲያን አጸዶች በመጡ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ «ሮዛ ሳንክታ» ብሎ ሰይሟታል፤ ቅድስት ጽጌረዳ ማለት ነው። ስሙ አስቀድሞ ለሌላ ተሰጥቶ ስለተገኘ በኋላ ሮዛ ሪቻርዲ ተባለች። አበባዋ ፈዛዛ ሮዝ፣ አምስት ቅጠል ያለው፣ በዓመት አንዴ የሚፈካ ነው፤ ቁጥቋጦዋ ዝቅ ብሎ የሚንሰራፋ፣ አረንጓዴ ክዳኖቿ ትልልቅና ቅጠል መሰል፣ ቅጠሏ ሸካራ ነው። እንግሊዛዊው የጥንት ቅርስ አጥኚ ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1888 እ.ኤ.አ. በግብፅ ሐዋራ መቃብሮች ያገኛቸው የደረቁ የጽጌረዳ ጉንጉኖች የዚህች ዘመድ ናቸው ተብሏል። በመተግበሪያ ብትሞከር ሮዛ ጋሊካ ወይም ሮዛ ዳማሴና የሚል መልስ መምጣቱ የሚጠበቅ ነው፣ ምክንያቱም ራሷ የጋሊካ ደም ያለባት ቅይጥ ናት። ከቁስቋም ወይም ከሌላ አድባር አጸድ እንዲህ ያለች ተክል ከታየች የሚሻለው መንገድ የተጫነ ናሙና (ቅርንጫፍ፣ አበባና ፍሬ በጋዜጣ መሐል ደርቆ፣ ቦታና ቀን ተጽፎበት) ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ማሳየት ነው። ያውም አስተዳዳሪውን አስፈቅዶ፤ ከቤተ ክርስቲያን አጸድ ሳይጠይቁ ቅርንጫፍ መቁረጥ ነውር ነው።

የመረጃ ቋቱ

ሄልፕ ሚ ፋይንድ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጽጌረዳዎች ከነዘር ሐረጋቸው፣ ከነዓመታቸውና ከነፎቷቸው ተመዝግበዋል። ስሙን አውቆ ለሚገባ ነጻ ነው፣ በዚህም አቻ የለውም። በባሕርይ ማጣራት (ቀለም፣ የአበባ ቅጠል ብዛት፣ ክፍል፣ ዓመት) ግን ለከፋይ አባላት ነው፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ ለብዙው ሰው በሩ እዚያው ላይ ይዘጋል። ገጹ ያረጀ አሠራር ያለው ነው፣ ስልክ ላይ ማንበብ ዓይን ያደክማል። ፎቶዎቹ ደግሞ የተጠቃሚዎች ናቸው፤ በአንድ ስም ሥር ሦስት የማይመሳሰሉ ጽጌረዳዎች ማግኘት የተለመደ ነው፣ ስለዚህ አንድ ፎቶ መሰለ ብሎ ስም መለጠፍ አይሆንም።

ሳይከፍሉም ይጠቅማል፣ የጽጌረዳዋን ክፍል (አትክልተኞች ዓይነቶቹን የሚመድቡበትን ቡድን) አውቃችሁ ከገባችሁ። ክፍሏን ለመለየት ጎንደር ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዓመቱን ሙሉ ትፈካለች ወይስ አንዴ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የፈረንጅ መመሪያ ያሳስታል። «በሰኔ የምትፈካ» ሲል የአውሮፓን በጋ ማለቱ ነው፤ እኛ ጋ ሰኔ ክረምት መግቢያ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጋሊካና ዳማስክ የመሳሰሉት የድሮ ክፍሎች እምቡጥ ለማውጣት የክረምት ብርድ የለመዱ ናቸው። ውርጭ ብርቅ በሆነበት ቦታ ሁለት ሦስት አበባ አውጥተው ዝም ሊሉ ይችላሉ፣ ያኔ «የማታብብ ዘር» ተብለው ይነቀላሉ። ቻይናዎችና ሻይ ጽጌረዳዎች የሚባሉት ክፍሎች በተቃራኒው ብርድን የሚፈሩ ስለሆኑ ደጋችን ውስጥ ሳያርፉ ያብባሉ።

ቻይናዎቹን የምታውቁት በቀጭን ቅርንጫፍ፣ በሚያንጸባርቅ ለስላሳ ቅጠል፣ በቀላ ለጋና በጥቂት እሾህ ነው። አንድ የማይዋሽ ምልክት አላቸው፦ አበባቸው ፀሐይ ሲመታው ይጠቁራል። ሌላው ጽጌረዳ ሲያረጅ ይነጣል፤ እነሱ ይቀላሉ። ኦልድ ብላሽ የምትባለው ሮዝ ቀለም ያላት፣ በ1793 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ የታወቀች ቻይና እንዲህ ናት፤ ሙታቢሊስ ደግሞ ቢጫ ሆና ከፍታ፣ ሮዝ አልፋ፣ ቀይ ሆና ትረግፋለች፣ ሦስቱም ቀለም በአንድ ቁጥቋጦ ላይ ይታያል። ሻይ ጽጌረዳ አንገቷ ደካማ ነው፤ ከባድ፣ ፈዛዛ አበባዋን ወደ መሬት ትደፋለች። ቡርቦንና ድቅል ዘላለማዊ የሚባሉት ጎመን የመሰለ፣ የታጨቀ፣ ሽታው የሚያውድ አበባና ረጅም ግንድ አላቸው። ቀጥ ባለ ዘንግ ላይ ጫፉ ሹል ሆኖ የሚጠመዘዝ እምቡጥ ካያችሁ ድቅል ሻይ ናት፤ የመጀመሪያዋ ተብላ የምትጠራው ላ ፍራንስ የወጣችው በ1867 እ.ኤ.አ. ነው፣ የአሜሪካ ጽጌረዳ ማኅበርም «የድሮ የአትክልት ጽጌረዳ» የሚለውን ክፍል የሚያጥረው በዚሁ ዓመት ነው። ስለዚህ ሹል እምቡጥ ካለ «ጥንታዊ» የሚለውን ቃል አውርዱት።

ቀለም ራሱ የልደት ወረቀት ነው። ግቢ ውስጥ በትልቅ አበባ ላይ ደማቅ ቢጫ የመጣው ሶሌይ ዶር የምትባለው ጽጌረዳ በ1900 እ.ኤ.አ. ከወጣች ወዲህ ነው። የሚያቃጥል ብርቱካናማ ቀይ ደግሞ የ20ኛው መቶ ዘመን ቀለም ነው። ቢጫ ሆና ጠርዟ ሮዝ የሆነች፣ ትልቅና ወፍራም አበባ ያላት ጽጌረዳ ካያችሁ ፒስ የምትባለውን አስቡ፤ በዚህ ስሟ የወጣችው በ1945 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ በ1937 ዓ.ም. ነው። ቤቱን ጣልያን በ1929 ዓ.ም. ሠርቶት ቢሆን እንኳ ይቺን ጣልያን አልተከላትም። የቤቱ ዕድሜ የጽጌረዳዋን ዕድሜ አይመሰክርም።

ለመረጃ ቋቱ ከ5 ሦስት። አንብቦ ለሚገባ ሰው አራት ተኩል።

ችግኝ ሻጩ

በጥቁር ላስቲክ ችግኝ የሚደረድሩት ሻጮች የሚያውቁት በቀለም ነው፦ ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ «የፈረንጅ»። ስም ስትጠይቁ የሚሰጣችሁ ስም ካለ ደንበኛን ላለማስከፋት የተፈጠረ ሊሆን ይችላል፤ አትጻፉት። የሚጠየቀው ሌላ ነው። «ጋሼ፣ የዚች እናት የት ግቢ ናት? ዘንጉን ቆርጠው ነው የተከሏት ወይስ በግራፍት?» ይህን ጥያቄ ሻጩ በደስታ ይመልሳል፣ መልሱም ከሁለቱ ማሽኖች የማይገኝ ነው። አንዲት ጽጌረዳ በአምስት ሰፈር ግቢ ውስጥ በቁራጭ ተባዝታ ከተገኘች፣ ቀላል የምትበቅል፣ በራሷ ሥር የቆመች ናት ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ወደ ቻይናዎቹ ያመለክታል። ከአበባ እርሻ የወጣች ከሆነ ያለጥርጥር አዲስ ናት። የግቢውን ባለቤትም ሲጠይቁ በዓመተ ምሕረት አይደለም፤ «ከጣልያን በፊት ናት ወይስ በኋላ? አብዮቱ ሲፈነዳ ነበረች?» ብላችሁ ነው። ለስም ከ5 ዜሮ፣ ለታሪክ ከ5 አራት።

ሻጩ የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ ማራባት። ስም ፍለጋው ዓመት ይፈጃል፣ ምክንያቱም እምቡጧን፣ ፍሬዋንና የምትፈካበትን ወር ሁሉ ማየት ያስፈልጋል። በዚህ መሐል ግቢው ሊታደስ፣ አጥሩ ሊፈርስ፣ ቁጥቋጦዋም አብራ ልትሄድ ትችላለች። ስለዚህ ከስሟ በፊት ዘሯን ያዙ። አበባው የረገፈበትን፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ በ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ቁረጡ፣ አራት ዓይን ይኑረው። የታችኛውን ጫፍ ከዓይን ሥር በሰያፍ ቁረጡ፣ ከላይ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ብቻ ተዉ፣ ሁለት ሦስተኛውን ግማሽ አሸዋ ግማሽ ለም አፈር ውስጥ ቅበሩ፣ ጥላ ሥር አድርጉ። ሐምሌና ነሐሴ ጥሩ ናቸው፣ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቅጠሉ አይጠወልግም። ሥር እስኪያወጣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ነው። ብዙውን የሚገድለው ድርቀት ሳይሆን ውኃ ነው፤ ላስቲኩ ከሥር ካልተበሳ ቁራጩ ከታች ጠቁሮ ይበሰብሳል። ሁለተኛው ገዳይ ችኮላ ነው፦ ለጋ ቅጠል ስላወጣ ብቻ ሥር አወጣ ብሎ መንቀል። ቅጠሉ በግንዱ ስንቅ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። አሥር ቁራጭ ትከሉ፣ ሦስት ቢተርፍ በቂ ነው።

እስከዚያው የምትጠራበት ጊዜያዊ ስም ያስፈልጋታል። በዓለም ላይ የተገኙ ጽጌረዳዎችን የሚያጠኑ ሰዎች ልማድ የተገኘችበትን ቦታ ስም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ መጻፍ ነው፤ «የአራዳ ሮዝ» ወይም «የቁስቋም መንገድ ቀይ» ብሎ። ጥቅሱ «ትክክለኛ ስሟ ገና አልታወቀም» ማለት ስለሆነ አትጣሉት። በማርከር የተጻፈ ምልክት በአንድ በጋ ፀሐይ ይነጣል። ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ጣት የሚያህል ቁረጡ፣ ስሙንና ቀኑን በምስማር ጭራችሁ ጻፉበት፣ በቀጭን ሽቦ ከግንዱ ላይ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ካጠበቃችሁት ግንዱ ሲወፍር ሽቦው ይቆርጠዋል።